ጥርስ ባዳ ነው፦ «ዘ ጉድ ፕሌስ»ን ዳግም የማየትና የቴድ ዳንሰንን ዱካ የመከተል መመሪያ

ነጭ ፀጉሩን ያበጠረ፣ የቢራቢሮ ክራባት ያሰረ ትልቅ ሰው ቆሞ ይመለከታል። አራት ሰዎች ከመካከላቸው ማን ወደ ሲኦል እንደሚሄድ ይጨቃጨቃሉ። ከአራቱ አንዷ ድንገት ትነቃለች። ያሉበት ቦታ ገነት እንዳልሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲኦል ውስጥ እንደነበሩ ትናገራለች። የሰውየው ፊት ለአፍታ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በቀስታ የሚጀምርና ሄዶ ሄዶ የሚያስፈራ ሳቅ ይመጣል።

ያ ሳቅ በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የተላለፈው ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተከታታይ ኮሜዲው «ዘ ጉድ ፕሌስ» ይባላል፤ መልካሙ ስፍራ እንደማለት ነው። የሚስቀው አሜሪካዊው ተዋናይ ቴድ ዳንሰን ነው። እስካሁን ያላያችሁት ካላችሁ ማንበቡን እዚህ ላይ አቁሙ፤ ምስጢሩን ካወጣሁት በኋላ ብትቆጡኝ አልሰማም። አይታችሁት የወደዳችሁት ግን ቀጥሉ። ይህ መመሪያ ኮሜዲውን ሁለተኛ ጊዜ እንዴት እንደምታዩት፣ ከዚያም ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ በዳንሰን ሌሎች ሥራዎች ውስጥ እንዴት እንደምትፈልጉ ያሳያል።

ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ደጋግሞ ማየት እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ስክሪኑን ክፍት መተው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ አይ ነበር። «ዘ ጉድ ፕሌስ»ን ስደግመው ግን ያስተኛኛል ያልኩት ነገር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስቀምጦኝ አደረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደራሲው ማይክል ሹር ቦታው ሲኦል መሆኑን ከመነሻው የነገረው ለሁለት ተዋንያን ብቻ ነበር፦ ለቴድ ዳንሰንና ለክሪስተን ቤል። የተቀሩት ዋና ተዋንያን ያወቁት የምዕራፉ መጨረሻ ሊቀረጽ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት ውስጥ እያወቀ የሚተውንና ሳያውቅ የሚተውን ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህን ማየት የሚችለው ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ልኩን ወስኑ

ኮሜዲው በአራት ምዕራፎች 53 ክፍሎች አሉት። ሁሉንም እደግማለሁ ብላችሁ አትነሱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል 22 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ አምስት ሰዓት አይሞላም። ሁለት ምሽት ይበቃዋል። አሥራ ሦስቱን በዓይናችሁ ሳይሆን በልባችሁ ካያችሁ የቀሩትን አርባ ክፍሎች ማን እንደሚከለክላችሁ እናያለን።

በብዙ አገሮች ኔትፍሊክስ ላይ ይገኛል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ መጀመሪያ ስሙን ጽፋችሁ ፈልጉት። የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛችሁ የምታዩ ከሆነ በስልካችሁ ላይ ጥራቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። በዚያ ልክ በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋ ባይት ስለሚወስድ ምዕራፉ በሙሉ በ1.5 ጊጋ ባይት ውስጥ ያልቃል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ጓደኛ ይሆናችኋል።

ሁለት ነገር አስተካክሉ። ክፍሉ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚያስጀምረውን ማዘዣ አጥፉት። ይህ ማዘዣ ደግሞ ማየትን ወደ ማለፍ ይቀይረዋል፤ ለማሰብ የሚሆነውን ግማሽ ደቂቃ ይሰርቃችኋል። ከዚያ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ክፈቱ። እንግሊዝኛ ለሚችልም ቢሆን ይጠቅማል፤ በዚህ ኮሜዲ ውስጥ ቃላት ራሳቸው የወጥመዱ አካል ናቸውና።

ሁለተኛ፦ ከሳቁ ጀምሩ

ክፍል 13ን ክፈቱና የመጨረሻውን ሩብ ብቻ እዩ። ኤሊነር (ክሪስተን ቤል የምትተውናት) ምስጢሩን የምትፈታበትን፣ ማይክል (ዳንሰን የሚተውነው) የሚስቅበትን፣ ከዚያም እቅዱን ለአለቃው ሲያስረዳ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያሳየውን ክፍል እዩት። ሳቁን ሁለት ጊዜ መልሱት። አንዴ በድምፅ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ። ድምፁ ሲጠፋ የምታዩት ከንፈሩን ሳይሆን ዓይኑን ነው፤ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ ይስቃል።

አሁን ወደ ክፍል አንድ ተመለሱ። ኤሊነር ዓይኗን ስትገልጥ ከፊቷ በአረንጓዴ ፊደል «እንኳን ደህና መጣሽ! ሁሉም ነገር ደህና ነው» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ታያለች። በር ይከፈታል፤ ማይክል ፈገግ ብሎ ይጠራታል። መጀመሪያ ስታዩት መልካም አስተናጋጅ ነበር። አሁን ሳቁ ገና በጆሯችሁ ውስጥ አለ፤ ያንኑ ፈገግታ እንደገና ታዩታላችሁ። ጥርስ ባዳ ነው የሚሉት አባባል የገባኝ በዚህች በር ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ስሙ ራሱ ለእኛ ጆሮ የተለየ ወጥመድ ነው። ሚካኤል ሲባል በየወሩ በ12 የሚታሰበውን መልአክ እንጂ ጋኔን የሚያስብ አበሻ የለም። ደራሲው ለእኛ ብሎ አላደረገውም፤ ግን እኔ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሳይ ሰውየውን ያመንኩት ግማሹን በስሙ ነው።

ሦስተኛ፦ ተናጋሪውን ትታችሁ ሰሚውን እዩ

የመመሪያው እምብርት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን።

ሲትኮም ስናይ ዓይናችን ኳስ እንደሚከተል ሁሉ የሚናገረውን ሰው ይከተላል። ቀልድ የሚወረውረው እሱ ነዋ። በሁለተኛው እይታ ይህን ልማድ ገልብጡት። ማይክል በስክሪኑ ላይ ባለበት ሁሉ፣ ሌላ ሰው እየተናገረም ቢሆን፣ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይቆይ። ኤሊነር ስትዋሽ ምን ይሆናል? ከአራቱ አንዱ የሆነው ቺዲ ሆዱን ይዞ ሲጨነቅ ፊቱ ላይ ምን ይታያል? ዳንሰን ተንኮሉን አጉልቶ አያሳይም፤ ቢያሳይ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን እንነቃበት ነበር። የሚያሳየው ትኩረት ነው። መጀመሪያ ስታዩት የደግ ሰው ትኩረት ይመስላል፣ ሁለተኛ ስታዩት ደግሞ ሙከራውን የሚከታተል ሰው ትኩረት ነው። ፊቱ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የእናንተ እውቀት ነው።

ደብተር ያዙ። አንድ ገጽ በሁለት ክፈሉና በአንዱ ራስ ላይ «ሰም»፣ በሌላው ላይ «ወርቅ» ብላችሁ ጻፉ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። ቅኔ የተማረ ሰው ኅብረ ቃል የሚለውን ያውቃል፤ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ጊዜ የተሸከመው ቃል ነው። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ማይክል የሚናገረውና የሚሠራው ነገር ሁሉ ኅብረ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ሰሙን በግራ፣ ወርቁን በቀኝ እየጻፋችሁ ሂዱ። ለመንገድ ይሁናችሁ ዘንድ ከራሴ ደብተር ጥቂት ልስጣችሁ።

የቀዘቀዘ እርጎ። መንደሩ በእርጎ ቤት ተሞልቷል። በሰሙ፣ ሰዎች የሚወዱት ጣፋጭ በገፍ ቀርቦላቸዋል። በወርቁ፣ እርጎው አይስክሬም አይደለም። ማይክል ራሱ በአንድ ቦታ ላይ የሰው ልጅ ጥሩን ነገር ትንሽ አበላሽቶ ብዙ መብላት እንደሚወድ በአድናቆት ይናገራል። ገነት ውስጥ ለምን የተበላሸ ነገር ይቀርባል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የኤሊነር ቤት። ትንሽ ናት፣ ግድግዳዋ ላይ የቀልደኛ ክላውን ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ኤሊነር ክላውን አትወድም። ቤቱ ለሌላዋ፣ ለ«እውነተኛዋ» ኤሊነር ታስቦ የተሠራ ነው ስለተባለ አሳማኝ ነው፤ ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን ለማየት ከመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከቱ፦ የጎረቤቷ የታሃኒ ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት ተኮፍሶ ይታያል። በየቀኑ ጠዋት የጎረቤትን ቤት እያዩ መቅናት የትም ቢሆን ቅጣት ነው።

ስድብ። በዚያ መንደር ውስጥ መሳደብ አይቻልም፤ የኤሊነር ስድብ ከአፏ ሲወጣ «ፎርክ» ይሆናል፣ ሹካ ማለት ነው። የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱ ያልኩት ለዚህ ነው። በተተረጎመ ጽሑፍ ላይ ቀልዱ እንዳለ ይሞታል። መጀመሪያ ሲታይ የገነት ጨዋነት ነው። ዳግም ስታዩት ግን አንዲት ተሳዳቢ ሴት ተናድዳ እንኳ አፏን አውጥታ የማትገላገልበት ቦታ ላይ ታስራለች።

ዝምተኛው መነኩሴ። ጂያንዩ የዝምታ ስእለት ያለበት መነኩሴ ሆኖ ቀርቧል፤ በኋላ ከፍሎሪዳ የመጣ፣ ዝም ማለት የማይችል ጄሰን የሚባል ዲጄ መሆኑ ይታወቃል። ታሃኒን ከእሱ ጋር ማጣመር ምን ያህል የተንኮል ሥራ እንደሆነ አስቡት። መደነቅ የምትፈልግ ሴት አንድም የአድናቆት ቃል የማይናገር ሰው ተሰጣት፤ ወሬኛው ልጅ ደግሞ ዝም እንዲል ተፈረደበት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ውሻዋ። ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማይክል አንዲትን ትንሽ ውሻ በእርግጫ ወደ ፀሐይ ይልካታል፣ ከዚያም ምንም እንዳልተጎዳች ያስረዳል። ስስቅ ነበር። ደግሜ ሳይ በሪሞቱ አቆምኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍል ነው። በስድስተኛው ማይክል በመንደሩ ውስጥ የተፈጠረውን ችግር እንድታጣራለት ኤሊነርን ረዳቱ ያደርጋታል። ችግሩ እሷ ነች፤ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ እሷ ግን እሱ እንደሚያውቅ አታውቅም። አብረው ሲዞሩ፣ ሲስቁ፣ ሲጫወቱ ይውላሉ። በመጨረሻ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ጡረታ እወጣለሁ» ይላል። የእነርሱ ጡረታ ምን እንደሆነ ሲያብራራ፣ ነፍሱ ተበጣጥሳ ለዘላለም እንደምትቃጠል ይናገራል። ቺዲ ይህን ሰምቶ በጸጸት ይታመማል። አሁን ቆም ብላችሁ ጠይቁ፦ ገነትን የሠራ መልካም ፍጡር በአንዲት ስህተት ዘላለማዊ ስቃይ የሚፈረድበት የት አገር ነው? መልሱ በግልጽ ተነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ለማይክል ስናዝን አመለጠን። ዳንሰን ያንን ንግግር ሲያደርግ እንባ የቀረበው ይመስላል። የሚያስገርመው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ እቅዱ ከከሸፈ ማይክል በእርግጥ የሚፈራው ነገር አለ። ውሸቱን ከእውነተኛ ፍርሃቱ ነው የቀዳው። በዚህ ክፍል ላይ ደብተሬ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

አራተኛ፦ የማያውቁትን አትርሱ

አንድ ክፍል መርጣችሁ ደግሞ የማያውቁትን ብቻ እዩ። ቺዲን የሚተውነው ዊሊያም ጃክሰን ሃርፐር ገነት ውስጥ እንዳለ አምኖ ነው የሚሠራው። ያ የሆድ ቁርጠቱ የቀልድ ብቻ ያልመሰለን ለዚህ ይመስለኛል። ታሃኒንና ጄሰንን የሚተውኑት ጀሚላ ጀሚልና ማኒ ጃሲንቶም እንዲሁ። ከክሪስተን ቤል ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይታያል፤ ቤል ታውቃለች፣ ገጸ ባሕሪዋ ግን አታውቅም፣ ስለዚህ እውቀቷን መደበቅ የነበረባት ከእኛ ብቻ ሳይሆን ከራሷ ኤሊነርም ነው። ከዳንሰን የሚከብደው የእሷ ድርሻ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከርም።

አምስተኛ፦ ከፈለጋችሁ ቀጥሉ

ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ምስጢሩ የለም፤ የሚታየው ነገር ማይክል እንዴት እንደሚቀየር ነው። ሁሉን ለማየት ጊዜ ካጣችሁ ሦስት ቦታ ላይ ቁሙ። ከ800 ጊዜ በላይ ሙከራውን ደጋግሞ የሚወድቅበት የሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ አንዱ ነው፤ በአንዱ ሙከራማ ጄሰን ሳይቀር ነቅቶበታል፣ የዳንሰንን ውርደት እዩት። ሁለተኛው በዚያው ምዕራፍ ማይክል የሥነ ምግባር ትምህርት የሚማርበትና ባቡሩ አምስት ሰው ወይስ አንድ ሰው ይግደል የሚለውን የታወቀ የፍልስፍና ጥያቄ በእውነተኛ ባቡርና በእውነተኛ ደም ለቺዲ የሚያቀርብበት ነው። (ፍልስፍናው ለይስሙላ አይደለም፤ ፓሜላ ሂሮኒሚና ቶድ ሜይ የሚባሉ ሁለት የፍልስፍና መምህራን አማክረውበታል፣ በመጨረሻው ክፍልም ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላሉ።) ሦስተኛው ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 የተላለፈው መዝጊያ ነው። ማይክል ሰው ሆኖ ወደ ምድር ይወርድና ጊታር ይማራል። ጊታር የምታስተምረው ሴት ሜሪ ስቲንበርገን ናት፤ በእውነተኛው ሕይወት የዳንሰን ባለቤት። ያንን ሳታውቁ አይታችሁት ከሆነ አሁን ተመለሱ።

ስድስተኛ፦ ወደ ሌላው ሥራ ስትሻገሩ በጥያቄ ተሻገሩ

አንድ ተዋናይ ሲወደድ የሚደረገው የታወቀ ነው፦ ስሙን መፈለግ፣ የሥራዎቹን ዝርዝር ማውጣት፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ። በዚህ መንገድ ስንሄድ አራተኛው ፊልም ላይ ሰልችቶን እናቆማለን። ዳንሰን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ዝርዝሩ ጫካ ነው። ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። እኔ የያዝኩት ይህን ነበር፦ ይህ ሰው በፈገግታው ስር ምን ይደብቃል? ጥያቄው የማያገኘውን ሥራ ያለ ጸጸት ዝለሉ። ለምሳሌ በ1987 በአሜሪካ ከማንም በላይ ገቢ ያስገባው «ስሪ ሜን ኤንድ ኤ ቤቢ» ላይ ከሦስቱ አባቶች አንዱ ነው። ከልጆች ጋር ለሚታይ እሁድ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ጥያቄ ግን ምንም የለውም።

መጀመሪያ «ቺርስ»። ከ1982 እስከ 1993 በ11 ምዕራፍ 275 ክፍል የተላለፈ፣ በቦስተን ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የሚያልፍ ሲትኮም ነው። ሁሉን ልይ ብዬ ጀምሬ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ወደቅኩ፤ 110 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነገር መሆኑን አስቀድሜ ብቆጥር ኖሮ አልጀምረውም ነበር። እናንተ የመጀመሪያውን ክፍል እዩ፣ ከዚያ ወደ ክፍል 10 ዝለሉ። ሳም ማሎን የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ሴት የሚያሳድድ፣ የሚስቅ፣ ሁሉ የሚወደው። ደግሞም መጠጥ ያቆመ የመጠጥ ሱሰኛ ነው፣ መጠጥ ቤት ያለው። በክፍል 10 የመጨረሻ ጠርሙሱን ቆርኪ እንደ ገድ ይዞት ይኖር እንደነበር እናውቃለን፤ ለሌላ ሰው ያውሰውና ቆርኪው ከእጁ ሲጠፋ ከአንድ ብርጭቆ ቢራ ፊት ይቆማል። ዳንሰን በዚያ ቅጽበት ፈገግታውን ያወልቀዋል። ከ34 ዓመት በኋላ በ«ዘ ጉድ ፕሌስ» ያያችሁት ባዶ ፊት እዚያ ነው የተወለደው።

ከዚያ ሳም እንደገና ጠጪ ሆኖ የምናገኘውን የሦስተኛውን ምዕራፍ መክፈቻ ሁለት ክፍሎች፣ በ11ኛው ምዕራፍ ሳም ፀጉሩ ሰው ሠራሽ መሆኑን ለአስተናጋጇ ለካርላ የሚያሳይበትን፣ በመጨረሻም የስንብቱን ክፍል እዩ። በስንብቱ ሳም ብቻውን ይቀራል፤ በር ለሚያንኳኳ ደንበኛ ተዘግቷል ይለውና ወደ ጨለማው ይገባል። ከመግባቱ በፊት ግድግዳ ላይ ያለች የጄሮኒሞ ሥዕል ያስተካክላል። ሥዕሏ በ1985 የሞተው የሥራ ባልደረባቸው የኒኮላስ ኮላሳንቶ ነበረች።

ስታዩ አንድ የሙያ ነገር ልብ በሉ። «ቺርስ» በተመልካች ፊት የሚቀረጽ ነበር። ሰዎች ሲስቁ ዳንሰን ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ፊቱ ሥራ አይፈታም። «ዘ ጉድ ፕሌስ» ተመልካች የለውም፣ ሳቅም የለውም፤ ዳንሰን ግን ያንን የመጠበቅ ልማድ ይዞ መጥቷል። ከአንድ ንግግር በኋላ የምትቀረው የግማሽ ሰከንድ ዝምታው የ11 ዓመት ልምድ ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ስለሆነ አስጠነቅቃለሁ። «ሰምቲንግ አባውት አሚሊያ» በ1984 በኤቢሲ የታየ የቴሌቪዥን ፊልም ነው፤ ልጁን ስለሚደፍር አባት ነው። አባቱ ዳንሰን ነው። «ቺርስ» ሁለተኛ ምዕራፉ ላይ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ሳም ብሎ የሚወደው ሰው በድንገት ይህን ሆኖ ቀረበ። ጎልደን ግሎብ ተሸልሞበታል። ከልጆች ጋር አትዩት፤ ጉዳዩ በሕይወታችሁ የነካችሁ ከሆነም ዝለሉት፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ለማየት ከቻላችሁ ግን አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ጭራቅ አድርጎ አልሠራውም። ጎረቤት የሚያምነው ተራ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

በዚያ ፊልም ላይ ሚስቱን የምትሠራው ግሌን ክሎዝ ናት። ስለዚህ ከዚያ በቀጥታ ወደ «ዳሜጅስ» እለፉ፤ በ2007 በኤፍኤክስ ጣቢያ የተጀመረ የሕግ ድራማ ነው። ዳንሰን አርተር ፍሮቢሸር የሚባል ቢሊየነር ነው፤ ሠራተኞቹን አክሲዮን እንዲገዙ እያበረታታ የራሱን ሸጦ የወጣ። ግሌን ክሎዝ ደግሞ የምታሳድደው ጠበቃ። ባልና ሚስት የነበሩት ከ23 ዓመት በኋላ ባላንጣ ሆነው ተገናኙ። ፍሮቢሸርን ልብ ብላችሁ ስትመለከቱ የሚዋሸው ለሌሎች ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል፤ እሱ ደግ ሰው ነኝ ብሎ ከልቡ ያምናል። ለእኔ ከማይክል በፊት የመጣው እውነተኛው ማይክል ይህ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ይበቃል።

የቀረውን በፍጥነት እንለፍ። «ቤከር» (1998–2004) የዚህ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው፦ የብሮንክስ ሐኪም፣ ቁጡ፣ ለሁሉ የሚነጫነጭ፣ የሚደብቀው ደግነቱን ነው። 129 ክፍል ስላለው ሦስት አራቱን በዘፈቀደ መርጣችሁ ተዉት። «ቦዲ ሂት» (1981) ላይ የሚደንስ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ከዋናዎቹ ተዋንያን ትዕይንት ይሰርቃል። «ክሪፕሾው» (1982) ላይ ባሕር ዳር እስከ አንገቱ በአሸዋ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ፤ ብቻችሁን በሌሊት አትዩት።

«ፋርጎ» ሁለተኛ ምዕራፍ (2015) ግን ችኮላ አይወድም። ታሪኩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ራሱን የቻለ ስለሆነ ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ፤ አሥር ክፍል ነው። ዳንሰን ሀንክ የሚባል አዛውንት የፖሊስ ሹም ነው፤ የጦርነት ሰው፣ ቁጥብ። የደበቀው ነገር ወንጀል አይደለም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ክፍሉን በወረቀትና በምልክቶች ሞልቶታል፦ ሰዎች የሚጣሉት ስለማይግባቡ ነው ብሎ ሁሉ የሚያነበው አዲስ ቋንቋ ሲፈጥር ነበር። ይህን የሚናገርበት ትዕይንት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ ለእኔ ይበልጣል።

በመጨረሻ ወደ ማይክል ሹር ተመለሱ። የ«ኤ ማን ኦን ዘ ኢንሳይድ» የመጀመሪያ ምዕራፍ (2024) ስምንት አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ ዳንሰን ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ የምሕንድስና መምህር ነው፣ የተሰረቀ ሐብል ለማግኘት በሳን ፍራንሲስኮ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሰላይ ሆኖ ይገባል። መነሻው የቺሊ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ ማይቴ አልቤርዲ የሠራችው «ዘ ሞል ኤጀንት»። ዘጋቢውን በኋላ እዩት፤ አስቀድማችሁ ካያችሁት ድራማውን ስታዩ ማነጻጸር ይይዛችኋል። አስቂኙ ነገር፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲደብቅ የኖረ ተዋናይ እዚህ መደበቅ የማይችል ሰው ሆኗል። ሰላዩ ኀዘኑን እንኳ መሸፈን ያቅተዋል።

ስለ ፖድካስቶቹ አንድ ቃል፦ የ«ዘ ጉድ ፕሌስ» ይፋዊ ፖድካስት አለ፣ አቅራቢው የማይክልን አለቃ የሚተውነው ማርክ ኢቫን ጃክሰን ነው። ዳንሰንም ከዉዲ ሃረልሰን ጋር የሚያቀርበው አለው። ደብተራችሁን ሳትጨርሱ አትስሙ። ሌላ ሰው ወርቁን ሲነግራችሁ ራስ ፈልጎ የማግኘት ደስታ ይቀራል።

ሰባተኛ፦ ላላየ ሰው አሳዩት

ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ምንም የማያውቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ከክፍል አንድ ጀምሩ። ሕጉ አንድ ነው፦ እሱን ሳይሆን ስክሪኑን እዩ፤ ዞር እያላችሁ ፊቱን ካያችሁ በሦስተኛው ክፍል ላይ ይነቃባችኋል። አስቂኝ ቦታ ሲመጣ ሳቁ፣ ግን ከእሱ ቀድማችሁ አትሳቁ። ጥያቄ ሲጠይቅ «እንጃ» በሉ። ሻይ ማፍላት ካለባችሁ በሰባተኛው ክፍል ላይ ተነሡና አፍሉ፤ ለፊታችሁ እረፍት ነው።

እኔ ከታናሽ እህቴ ጋር ሞከርኩት። እስከ ስድስተኛው ክፍል ድረስ በደንብ ያዝኩት። ማይክል ጡረታ እወጣለሁ ሲል ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ምስኪን!» አለች። ምንም አልተነፈስኩም፣ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ነገር ደረቴ ላይ ቢኖርም። ቡናዋን አስቀምጣ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ያስቅሃል አንተ?» አለችኝ።